ቁልፉ ከነመክፈቻው ሲላክ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው እሁድ ማታ በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ የኤክሴል ፋይል ተለቀቀ። ከየካ አባዶ ሰው የሆነ ሁሉ የብሎክ ግሩፕ ምን እንደሆነ ያውቃል። ውሃ መጣ፣ መብራት ሄደ፣ የማን መኪና ነው መንገድ የዘጋው፣ ጥበቃው ለምን ተኛ፤ ሁሉም እዚያ ነው። ፋይሉ የመጣው ከኮሚቴያችን ገንዘብ ያዥ አካውንት ነው። ሥሩ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የጥበቃና የውሃ ፓምፕ ክፍያ ያልከፈሉ ነዋሪዎች ዝርዝር። ፓስዎርድ 1234።»

እንግዲህ ያልከፈሉ ሰዎች ዝርዝር ተብሎ ማን ነው የማይከፍተው? የከፈለው ያልከፈለውን ለማየት፣ ያልከፈለው ስሙ መኖሩን ለማየት። እኔም እጄ ሄዶ ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ያስቆመኝ ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ጎረቤታችን የጻፉት ነገር ነው። «በስልኬ እምቢ አለኝ፤ ነገ ቢሮ ገብቼ በኮምፒውተር አየዋለሁ» አሉ። ደነገጥኩ። ገንዘብ ያዡ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አሁን የላኩት ዝርዝር ምንድነው?»

«የቱ ዝርዝር? እኔ ምንም አላክሁም ልጄ። ከትናንት ጀምሮ ቴሌግራሜ አልገባልህ ብሎኝ ለልጄ ሰጥቻት ነው።»

በቃ። አካውንታቸው ተጠልፏል ማለት ነው። ወዲያው ግሩፑ ላይ «እባካችሁ ማንም እንዳይከፍት» ብዬ ጻፍኩ። ፋይሉን ደግሞ አሁን በኮምፒውተር ደኅንነት ሥራ ላይ ላለ አንድ የድሮ ተማሪዬ ላክሁለት። ማታውኑ ደወለ። «ቲቸር፣ ደግ አደረጉ ያልከፈቱት። ውስጡ ማክሮ አለው። ሲከፈት ከኢንተርኔት ሌላ ፕሮግራም እየጎተተ የሚጭን ነው» አለኝ። የክፍያ ዝርዝር የሚባል ነገር ውስጡ የለም።

ጎረቤታችን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሄደው ከፍተውት ቢሆን ኖሮ፣ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የተነሳ ነገር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ገብቶ ነበር።

እኔ የሳይበር ኤክስፐርት አይደለሁም። ዲፕሎማ ያለኝ የአይሲቲ አስተማሪ ነኝ። ግን ይሄን ጉዳይ ካየሁት በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ሁላችንም ውስጥ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። ፓስዎርድ ያለው ፋይል አስተማማኝ ይመስለናል። የታሸገ ፖስታ፣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ አክብረን ያደግን ሰዎች ነን። የተቆለፈ ነገር ስናይ «ይሄ ቁም ነገር ነው፣ ከትልቅ ቦታ የመጣ ነው» እንላለን። በኮምፒውተር ዓለም ግን አንዳንዴ ነገሩ ግልብጥ ነው። ቁልፉ የተገባው ሌባ እንዳይገባ ሳይሆን ዘበኛው እንዳያይ ነው።

እስቲ በምሳሌ ልንገራችሁ። የትምህርት ቤታችን በር ላይ ዘበኛ አለ፤ ቦርሳ ይፈትሻል። አንቲቫይረስና የኢሜይል ማጣሪያ ማለት እሱ ነው። ተራ የኤክሴል ፋይል ሲመጣ ዚፑን ከፍቶ፣ እጁን አስገብቶ ያያል። ማክሮ ካለ፣ የሚያውቀው ክፉ ነገር ካለ ይይዘዋል። ፋይሉ በፓስዎርድ ሲቆለፍ ግን ውስጡ ያለው ነገር በሙሉ ወደማይነበብ ትርምስምስ ይለወጣል። ዘበኛው የሚያየው የብረት ሣጥን ብቻ ነው፤ መክፈቻ የለውም። ምርጫው ሁለት ነው። ወይ «አላውቅም» ብሎ ይመልሳል፣ ወይ ያሳልፋል። ብዙ ቦታ ያሳልፋል፤ ምክንያቱም ሂሳብ ሠራተኛው፣ ባንኩ፣ ኦዲተሩ ሁሉ በእውነት የተቆለፈ ፋይል ይላላካሉ። ከዚያ ሣጥኑ እኛ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል፤ መክፈቻው ደግሞ እዚያው መልእክት ላይ ተጽፎልናል፦ 1234። ዘበኛው ያልቻለውን እኛ በገዛ እጃችን እንከፍታለን።

ልብ በሉ። ሚስጥር ለመጠበቅ ቢሆን ኖሮ መክፈቻው ከቁልፉ ጋር አብሮ አይላክም ነበር። ቤታችሁን ቆልፋችሁ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክታችሁ ትሄዳላችሁ?

ከዚህም የባሰ አለ። ኤክሴል የተቆለፈ ፋይል ሲያጋጥመው እኛን ከመጠየቁ በፊት ራሱ አንድ ፓስዎርድ ይሞክራል። ማይክሮሶፍት ከድሮ ጀምሮ ውስጡ ያስቀመጠው ቃል ነው፦ «ቬልቬት ስዌትሾፕ»። ፋይሉ በዚህ ቃል ከተቆለፈ ምንም ሳይጠይቅ ይከፈታል። ተጠቃሚው የተቆለፈ ፋይል መክፈቱን እንኳን አያውቅም፤ ይህንን ቃል የማይሞክር ማጣሪያ ግን ውስጡን አላየም። ይሄ ዘዴ ከአሥር ዓመት በላይ የታወቀ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2020 እንኳን ማይምካስት የተባለው የኢሜይል ደኅንነት ድርጅት ላይምራት የሚባል የርቀት መቆጣጠሪያ ቫይረስ በዚሁ መንገድ ሲላክ መያዙን አስታውቋል።

አሁን «ቲቸር፣ ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን ማን ይፈልገናል?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው የሆነ ታሪክ ነው። በአባሪ ፋይል መጠለፍ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ እንደ ማጥመጃ የተጠቀመ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ማግኘቱን ይፋ አደረገ። አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም ያወቀው ሰው፣ በኢሜይል የተላከ አንድ የወርድ ዶክመንት በመክፈቱ ከጥቅምት 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 ድረስ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የስካይፕ ንግግሩ ሳይቀር ሲቀዳ እንደነበር አቤቱታ አቀረበ። በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ስለላው ተደርጓል አልተደረገም የሚለውን አልወሰነም። ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ ስላልሆነ ሌላ መንግሥት እዚህ አይከሰስም ብሎ ዘጋው፤ ይግባኝ ሰሚውም በመጋቢት 2017 አጸናው። የኢሳት ጋዜጠኞችም በታኅሣሥ 2013 በስካይፕ፣ ከዚያም በኢሜይል ሰነድ የሚመስሉ ፋይሎች ተልከውላቸዋል፤ ሲቲዝን ላብ በ2014ና በ2015 ባወጣቸው ሪፖርቶች ከጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ጋር አያይዞታል። መንግሥት ሲጠየቅ አስተባብሏል። በሐምሌ 2015 ግን ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈና ወደ 400 ጊጋባይት የሚሆን የውስጥ ሰነዱ ኢንተርኔት ላይ ሲበተን፣ የኛው ሀገር መሥሪያ ቤት ከደንበኞቹ ዝርዝር ውስጥ ተገኘ።

ይሄን የማነሳው ለፖለቲካ አይደለም። እነዚያ ፋይሎች ወርድና ሌላ ነገር ነበሩ፤ የተቆለፈ ኤክሴል አይደሉም። ግን ጨዋታው አንድ ነው። ሰው የሚከፍተው የሚያጓጓውን ነው። ያኔ ለጋዜጠኛው የፖለቲካ ወሬ፣ ዛሬ ለኛ የደመወዝ ዝርዝርና ያልከፈሉ ጎረቤቶች። ያኔ መሣሪያው በብዙ ገንዘብ የሚገዛ ነበር፤ ዛሬ ተራ ሌባ እጅ ገብቷል።

ሁለተኛው እኔው ያየሁት ነው። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። ሪከርድ ክፍል የሚሠሩ፣ ጡረታቸው የደረሰ አንዲት እናት አሉ። እኛ ከመቀጠራችን በፊት ጀምሮ የተማሪ ፋይል ይዘው የኖሩ፣ የማንን ትራንስክሪፕት የት እንዳለ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያወጡ ናቸው። አንድ ቀን በኢሜይል «የደመወዝ ማስተካከያ ዝርዝር» የሚል ኤክሴል መጣላቸው። ፓስዎርዱ መልእክቱ ላይ ነበር። ከፈቱት። ቢጫ መስመር ላይ «ኢኔብል ኮንቴንት» የሚል ነገር መጣ። ተጫኑት፤ ሁሌም የሚጫኑት ነገር ነው፤ የኛው ሮስተር ራሱ ማክሮ ስላለው እሱን ካልተጫኑ ድምር አይሠራላቸውም። ማን አስተማራቸው? እኛ!

በማግስቱ ፋይል ሁሉ ስሙ ተቀይሮ አልከፈት አለ። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሮስተር፣ የፈተና ባንክ፣ ሁሉም። ባክአፑ የነበረው ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ በሚውል ፍላሽ ላይ ነው፤ እሱም አብሮ ሄደ። መምህራን ከእጅ ማርክ ሊስታቸው ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ አዲስ አስገባን። ማርክ ሊስቱን የጣለ መምህር ያስተማራቸው ልጆች ምን እንደሆኑ አትጠይቁኝ። አባቷ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ መሸኛ የፈለገች አንዲት ተማሪ ለአንድ ወር ተመላለሰች።

ከዚያ ምን ሆነ? ስብሰባ ተጠራ። ለእኚያ እናት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። «ጥንቃቄ በጎደለው አሠራር» ይላል ወረቀቱ። ሠላሳ ዓመት ያገለገሉበት ማኅደር ውስጥ ገባ። እኔ እጄን አውጥቼ ለመናገር አስቤ ነበር፤ አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ ይሄን ጽሑፍም ያስጻፈኝ ዋናው እሱ ይመስለኛል።

ስለዚህ ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ዛሬ ልናገር። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ዘበኛው ሊያየው ያልቻለውን ሣጥን፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ እሳቸው እንዲለዩ መጠበቅ ግፍ ነው። ጥፋቱ ሁሉን ነገር በኤክሴል፣ ሁሉን ኤክሴል በፓስዎርድ፣ ሁሉን ፓስዎርድ እዚያው መልእክት ላይ የሚልክ አሠራር የፈጠርነው የሁላችን ነው። ወረዳው እንደዚያ ይልካል፣ እኛ እንደዚያ እንልካለን፣ የብሎኩ ኮሚቴ እንደዚያ ይልካል። እውነተኛው እንደ ሐሰተኛው ሲመስል፣ ሰው በምን ይለየው?

አንዳንዱ «እንግዲያው ፓስዎርድ ይቅር» ይላል። አልስማማም። የተማሪ ማርክ፣ የወላጅ ስልክ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ገበና ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ለዚህ ነው። ዝርዝር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በሐምሌ 2014 የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ የተሰረዘው ሲስተሙ ውስጥ በገባው መረጃ ምክንያት እንደነበር የኛ ሰፈር ሰው አይረሳውም። ያ የቫይረስ ጉዳይ አልነበረም፤ ግን አንድ ሠንጠረዥ የስንቱን ዕድል እንደሚይዝ ያሳየናል። ቁልፉ ይኑር። መክፈቻው ግን በሌላ መንገድ ይምጣ። ፋይሉ በኢሜይል ከመጣ ፓስዎርዱ በስልክ ይነገር። ይሄ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ ሚስጥሩ እውነተኛ ሚስጥር ይሆናል። ሁለተኛ፣ ስልክ ስትደውሉ «እኔ አላክሁም» የሚለውን ትሰማላችሁ። እኔን ያተረፈኝ አንድ ስልክ ነው፤ ከአንድ ብር በላይ የወጣብኝ አይመስለኝም።

ታዲያ እንዲህ ዓይነቱ ፋይል እንዴት ይታወቃል? ተማሪዬ ካሳየኝ ሁሉም ሰው ሊያደርገው የሚችለውን ልንገራችሁ።

1. ፋይሉን ሳትከፍቱ እዩት። ኮምፒውተራችሁ ላይ ሴቨን ዚፕ ካለ፣ ፋይሉ ላይ በቀኝ ተጭናችሁ በሴቨን ዚፕ ክፈቱት። አዲሱ ዓይነት ጤነኛ የኤክሴል ፋይል የታመቀ ጥቅል ስለሆነ «ኤክስኤል» የሚል ፎልደርና ሌሎችም ይታያሉ። «ኢንክሪፕትድ ፓኬጅ» የሚል ነገር ካያችሁ ፋይሉ ተቆልፏል ማለት ነው። ተቆልፎ ሳለ ኤክሴል ፓስዎርድ ሳይጠይቅ የሚከፍተው ከሆነ፣ ያ የነገርኳችሁ ዘዴ ነው፤ ሽሹ። ዚፑ ራሱ በኢንተርኔት ማክሮውን አያስነሳም፤ ግን ውስጡ ያለውን ደብል ክሊክ አታድርጉ።

2. «ኢኔብል ኮንቴንት» ወይም «ኢኔብል ኤዲቲንግ» ካላላችሁ ዝርዝሩ አይታይም የሚል ሥዕል ካለበት ዝጉት። ስም ዝርዝር ለማንበብ ማክሮ አያስፈልግም።

3. ማክሮ አልከፈትኩም ብላችሁም አትዘናጉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ማይክሮሶፍት የጠገነው የኢኩዌሽን ኤዲተር ቀዳዳ አለ፤ ሳይታወቅ 17 ዓመት ገደማ የኖረ። እሱ ማክሮ አይፈልግም፤ ፋይሉ መከፈቱ ይበቃዋል። መድኃኒቱ አፕዴት ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ክራክ የተደረገ ኦፊስ 2007ና 2010 ላይ ናቸው። የ2007ቱ ድጋፍ በ2017፣ የ2010ሩ በ2020 አብቅቷል።

4. ፍላሽ አያድናችሁም፤ እንዲያውም። ማይክሮሶፍት በ2022 ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል ላይ ያለን ማክሮ መዝጋት ጀምሯል። ፋይሉ ከኢንተርኔት መምጣቱን የሚያውቀው ግን ዊንዶውስ በሚለጥፍበት ምልክት ነው። ፋይሉ በፋት 32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ ሲያልፍ ምልክቱ ይወልቃል። የኛ ሀገር ኢንተርኔት ግማሹ ፍላሽ ነው። ከኮምፒውተር ቤት በፍላሽ ያመጣችሁት ፋይል ለኮምፒውተራችሁ የአገር ልጅ ይመስለዋል።

5. ባክአፕ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ የሚቀመጥ ካልሆነ ባክአፕ አይደለም። ዓርብ ማታ ኮፒ አድርጋችሁ ነቅላችሁ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት።

ለአይሲቲ ክፍል ሰዎች ደግሞ፦ የኢሜይል ማጣሪያችሁ መክፈት ያልቻለውን አባሪ ዝም ብሎ እንዳያሳልፍ አድርጉት፤ ይያዝና ባለቤቱ ይጠየቅ። የተሻሉት ማጣሪያዎች መልእክቱ ላይ የተጻፈውን ቃል ራሱን እንደ ፓስዎርድ ይሞክራሉ፤ ዘበኛው መክፈቻው የት እንዳለ አወቀ ማለት ነው። እዚያ እንኳን ባይደረስ፣ አዲሶቹ ዊንዶውስና ኦፊስ ማክሮ በሚሮጥበት ሰዓት ለአንቲቫይረሱ ያሳዩታል። ቁልፉ የሚከፈተው በመጨረሻ የሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የመጨረሻው ዘበኛ እዚያ መቆም አለበት። ኤክሴል የሚባል ፕሮግራም ድንገት ፓወርሼል ካስነሳ፣ ሒሳብ እየሠራ አይደለም።

ለኃላፊዎች፦ ሰውን ከመቅጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ስልጠና ሰጥተናቸዋል? አፕዴት የሆነ ኮምፒውተር ሰጥተናቸዋል? የኛ እውነተኛ ደብዳቤ ከሌባው ደብዳቤ በምን ይለያል? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 የሚቀጣው ቫይረሱን የሚያሰራጨውን ወንጀለኛ ነው፤ እኛ ግን የተገኘውን ሰው እንቀጣለን። ቅጣት የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሚቀጥለው ጊዜ ስህተት የሠራ ሰው ይደብቃል። ቫይረስ ደግሞ የሚወደው መደበቅን ነው። እኚያ እናት ያን ቀን እንደከፈቱት ሮጠው ቢነግሩንና ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ብንነቅለው ኖሮ ግማሹ ይተርፍ ነበር። አልነገሩንም። ፈሩ።

አባቶቻችን «ጠርጥር፤ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ይላሉ። ስንጥሩን ያገኘው ግን አፉ ውስጥ የገባበት ሰው ነው፤ ገንፎውን ያገነፋውን ትቶ እሱን መስደብ ነውር ነው።

የብሎካችን ነገር በደህና አለፈ። ጋሼ አካውንታቸው ተመልሶላቸዋል፤ ልጃቸው ሁለተኛ ፓስዎርድ አስገብታላቸዋለች። ከአሁን በኋላ የክፍያ ዝርዝር ታትሞ ደረጃው ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ተስማምተናል። የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤቴም ትናንት ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «እኔ ግን ከፍዬ ነበር እኮ!» አሉኝ። ሳቅን።

እማማ፣ ይሄን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፦ ያን ቀን ዝም ስላልኩ ይቅርታ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ አሁን በየቢሮው ያላችሁ፣ ነገ ጠዋት ሪከርድ ክፍል ወይም ሂሳብ ክፍል ላሉት ሰዎች ይሄን ቡና እየጠጣችሁ አስረዷቸው። ጥያቄ ያለው ኮሜንት ላይ ይጻፍ፤ ፋይል ግን እንዳትልኩልኝ!

ቸር ያሰማን። ከየካ አባዶ።